ያልተለቀሰለት ልጅ

ስለ ልዑል ዓለማየሁ ፎቶግራፍና ስለ ሰቆቃወ ድንግል

ኀዘን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አፍ ያለው ነው፤ ይጮኻል፥ ያለቅሳል፥ የሞተውን በስሙ ይጠራል፥ ከጊዜም በኋላ ይበርዳል። ሁለተኛው አፍ የሌለው ነው፤ ዓይኑ ደረቅ፥ አንደበቱ ዝምተኛ፥ ፊቱም የረጋ ስለ ሆነ ከሩቅ ለሚያየው ትዕግሥት ይመስላል። የደጋው ሰው ይህን ሁለተኛውን በሚገባ ያውቀዋል። አንድ ሰው ከታላቅ ድንጋጤ በኋላ ሲጠሩት የማይሰማ፥ ሲያጎርሱት ጣዕሙን የማይለይ፥ በሰው መካከል ተቀምጦ ከሰው የራቀ ሲሆን «ቀልቡ ተገፈፈ» ይለዋል።

የአሁኑ ዘመን የነፍስ ሕክምናም ይህን ነገር አጥብቆ መርምሮታል። ፈረንሳዊው ሊቅ ፒየር ዣኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው ሊሸከመው የማይችለው ነገር ሲደርስበት ትዝታው ከቀረው ሕሊናው ተለይቶ ለብቻው እንደሚቀመጥ ገልጿል። በሥጋ መሸሽም መከላከልም ያልተቻለው ሰው በልቡ ይሸሻል፤ ሕመሙ እንዳይሰማው ስሜቱ ይደነዝዛል፥ የሚሆነውንም ነገር በሌላ ሰው ላይ እንደሚሆን አድርጎ ያያል። ይህ በመጀመሪያ መጠጊያ ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ ግን መጠጊያው እስር ቤት ይሆናል፤ ሕመሙን ያራቀው ድንዛዜ ደስታንና ፍቅርንም አብሮ ያርቃልና።

ይህ ጉዳይ የሐኪም ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ሥነ ጽሑፍም በዚህ ነገር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ማስታወስ ይገባል። አፍ የሌለውን ኀዘን አፍ እንዲኖረው የሚያደርገው ቃል ነው፤ ቃልን በሥርዓት ማኖር ደግሞ የደራሲና የመዘምር ሥራ ነው። የተቈጠረ፥ የተዜመና በጉባኤ የተባለ ቃል ያለው ሕዝብ ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት ቦታ አለው። ይህን ለመመርመር ከደብረ ታቦር ተወላጆች ከአንዱ ሕይወት የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በትንሣኤ ማግስት፥ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ ሕፃኑ ሰባት ዓመት ሊሞላው የቀረው ዐሥር ቀን ነበር። አምባው ተዘረፈ፥ ተቃጠለም። ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ እናትና ልጅ አብረው ተጓዙ፤ ነገር ግን እቴጌ ጥሩወርቅ ግንቦት 8 ቀን በትግራይ በመንገድ ላይ አርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። በሠላሳ ሁለት ቀን ውስጥ አባት፥ ቤት፥ አገርና እናት ከአንድ ልጅ ተወሰዱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ሕፃኑ አማርኛ በሚችለው በካፒቴን ስፒዲ፥ በኢትዮጵያ ስሙ በባሻ ፈለቀ ጠባቂነት በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያም አይታ ራራችለት። ከስፒዲና ከሚስቱ ጋር ህንድ አገር ደርሶ ከተመለሰ በኋላ፥ ትምህርቱ ይበልጣል ተብሎ በመንግሥት ውሳኔ ከእነርሱ ተለየ፤ ይህም ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ እንደ ማጣት ነበር። በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ሳይቀናው ቀረ፤ በመጨረሻም በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ታሞ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት አጠገብ ተቀበረ።

ስለዚህ ልጅ ከቀሩት ነገሮች ሁሉ ልብን የሚይዘው ፎቶግራፉ ነው። በ1860 ዓ.ም. ክረምት፥ እናቱ ከሞቱ ገና ሁለት ወር ያህል ሲሆን፥ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን አነሣችው። በአንዱ ብቻውን ተቀምጧል፤ በሌላው ስፒዲ ያገራችንን ልብስ ለብሶ ከአጠገቡ አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ሥዕል አይተው «እንዴት ያለ የተከበረ ዝምታ ነው» ብለው አድንቀዋል። አስተውሎ ለሚያይ ግን ፊቱ ላይ ያለው ክብር ብቻ አይደለም። ዓይኑ ተገልጦ ሳለ የሚያየው ነገር ያለ አይመስልም፤ ልጁ ከወንበሩ ላይ አለ፥ ቀልቡ ግን ከዚያ የለም።

እዚህ ላይ ፍርድን ሚዛናዊ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ የካሜሮንም አሠራር ከሌሎቹ ይልቅ ጊዜ የሚወስድ ነበር። ስለዚህ ከፊቱ ፍዘት አንዱ ክፍል የመሣሪያው ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ሥዕልም የአንድን ነፍስ ሁኔታ ፈጽሞ መፍረድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ሥዕሉ የሚነቀፍበት ነገር በልጁ ፊት ላይ ሳይሆን በአነሣሡ ላይ ነው። ልብሱ ለሕፃኑ የአባቱ ቤት ልብስ ነበር፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ለትርኢት የሚለበስ ጌጥ ሆነ። ትናንት እናቱን የቀበረ ልጅ ዛሬ እናት አገሩን እንዲመስልላቸው ተቀመጠ። መዝሙረኛው በመቶ ሠላሳ ስድስተኛው መዝሙር፥ የማረኳቸው ሰዎች የጽዮንን ዜማ እንዲያሰሟቸው ምርኮኞቹን መጠየቃቸውን ሲያነሣ ይህንኑ መናገሩ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የባቢሎን ምርኮኞች ብዙዎች ስለ ነበሩ በወንዙ ዳር ተቀምጠው አብረው አለቀሱ። ዓለማየሁ አብሮት የሚያለቅስ አልነበረውም።

ከፎቶግራፉ ቀጥሎ የሚታየው ጽሑፍ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ሞቱን በሰማች ጊዜ በዕለት ማስታወሻዋ ላይ፥ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሞቱን እያነሣች አዝናለች። ኀዘንዋ እውነተኛ እንደ ነበረ መጠራጠር አይገባም። በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ያኖረችው የናስ ሰሌዳም፥ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በሃያ አምስተኛው ምዕራፍ ስለ እንግዳ አቀባበል የተናገረውን ቃል ይዟል። ካህን የሆነ አንባቢ ይህን ሰሌዳ ሲያስብ አንድ ጥያቄ ሊነሣበት ይገባል፤ ቃሉ የፍርድ ቃል ነውና። በወንጌሉ እንግዳውን ተቀብላችኋል የሚለው ፈራጁ ራሱ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ግን ቃሉን ያስጻፉት ተቀባዮቹ ናቸው። እንግዳው ራሱ ምን ይል ነበር?

ልጁን አበሉት፥ አለበሱት፥ አስተማሩት፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ኀዘኑን የተቀበለለት አልነበረም። በተወለደበት አገር ቢሆን ኖሮ ወላጁ የሞተበት ልጅ በልቅሶ ቤት መካከል ይቀመጥ ነበር። ዘመድ ከሩቅ እየጮኸ ይመጣል፤ አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟች ስም፥ ሥራና ወገን ይጠራል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ሰልስት፥ በአርባው ቀን ተዝካር፥ በዓመቱም ሙት ዓመት ይደርሳል። ልጁ የሚባለውን ሁሉ ባያስተውል እንኳ የደረሰበት ነገር እውነት መሆኑን፥ ያም ኀዘን የእርሱ ብቻ አለመሆኑን በዓይኑ ያያል፥ በጆሮው ይሰማል። የእቴጌ ጥሩወርቅ አርባ ሲሞላ ልጃቸው ከአገሩ ርቆ ነበር። በቀብር ጊዜ የሚዜመው የመዋሥዕት ትምህርት የሚመሰከርበት ዙር አባ ያለው በዚያው በተወለደበት በደቡብ ጎንደር ደጋ መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ለሙታን የሚዜመው ዜማ መንጭቶ ወደ ሌላው አገር ከሚፈስበት ምድር የወጣ ልጅ አንድም ዜማ ሳይደርሰው ቀረ።

አማርኛ ሥነ ጽሑፍስ ለዚህ ልጅ ምን አደረገ? ለአባቱ ብዙ አድርጓል። ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» በተባለው ቴአትር፥ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በተባለው መጽሐፍ፥ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ» በተባለው፥ የዐፄ ቴዎድሮስን ተስፋና ውድቀት ለትውልድ አቆይተዋል። የሦስቱም ዋና ሰው አባትየው ነው። የልጁን ነገር ዋና አድርጋ ልብ ወለድ ከጻፉት አንዷ እንግሊዛዊቱ ኤልዛቤት ሌርድ ናት፤ መጽሐፍዋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ታትሟል። በአገር ውስጥ የልጁ ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ አፅሙ ይመለስ በሚል ክርክር ነው። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አፅሙ እንዲመለስ ጠይቀዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ማወክ ይሆናል ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ከፀጉሩ የተቈረጠ ዘለላ ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አፅም እስኪመለስ ልቅሶ መዘግየት የለበትም፤ ልቅሶ የአፅም ብቻ ሳይሆን የስምና የታሪክም ነውና።

ልቅሶውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ስለ ተሰደደ ሕፃን የሚዜም ሰቆቃወ ድንግል የተባለ ድርሰት አላት። ይህም ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ ይባላል። ነገሩ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ መሰደዷ ነው። የዚህ ድርሰት ታላቅነት በዜማው ብቻ አይደለም፤ ኀዘንን በሚይዝበት ሥርዓት ጭምር ነው፤ ሥርዓቱንም በአራት ነገር መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ፥ የሆነውን ነገር በስሙ ይጠራዋል። አሳዳጁን ሄሮድስ ይለዋል፤ ጥሙን ጥም፥ ድካሙን ድካም፥ እንባውን እንባ ይለዋል። ነገሩን አድበስብሶ አያልፍም። ሁለተኛ፥ ሕፃኑን ብቻውን አይተወውም። እናቱ አለች፥ ዮሴፍና ሰሎሜ አሉ፤ የሚያዜመውም ማኅበር ከሺህ ዘመን በኋላ ቆሞ አብሮ ይሰደዳል። ሦስተኛ፥ ሥጋን አይረሳም። እግር፥ ጉሮሮ፥ ዓይን፥ ጡት፥ አሸዋ በቃሉ ውስጥ አሉ፤ መዘምሩም መቋሚያውን ይዞ፥ ጸናጽሉን እየነካ፥ በእግሩ ቆሞ ይለዋል። ቀልቡ የተገፈፈ ሰው አስቀድሞ የሚጠፋበት ደግሞ ሥጋው ነው፤ እግሩ መሬት መርገጡን ይረሳል። አራተኛ፥ ማብቂያ አለው። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ይሆናል፤ ሰቆቃው ይቆማል፥ ስደተኞቹም ማረፋቸው ይነገራል።

አሜሪካዊቱ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ የተጎዳች ነፍስ የምትፈወስበትን መንገድ በሦስት ደረጃ ከፍላዋለች፤ አስቀድሞ ደኅንነት፥ ቀጥሎ የሆነውን አስታውሶ ማልቀስ፥ ከዚያም ወደ ሰውና ወደ ሕይወት መመለስ። ሐኪሚቱ በዚያ በኩል፥ ሰቆቃውን የደረሱት አባት በዚህ በኩል ሄደው በብዙ ቦታ ተገናኝተዋል። የካሜሮን ፎቶግራፍ ግን ከአራቱ አንዱም የለውም። የሆነውን ነገር አይናገርም፤ ሕፃኑን ብቻውን ያስቀምጠዋል፤ ሥጋውን እንዳይነቃነቅ ይይዘዋል፤ ማብቂያም የለውም፥ ልጁ እስከ ዛሬ ከዚያው ወንበር ላይ ነው።

ስለ ሰቆቃወ ድንግልም ቢሆን ምስጋናው ያለ ነቀፌታ ሊሆን አይገባም። ነቀፌታው በድርሰቱ ላይ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። አንደኛ፥ ግእዝ ለማያውቀው ሕዝብ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዜማው ብቻ ነው፤ ምሥጢሩ በአማርኛ ካልተነገረው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለራሱ ቁስል የተቀመጠውን መድኃኒት ሳይቀምሰው ይመለሳል። ሁለተኛ፥ አንዳንድ መካሪ የእመቤታችንን ስደት የሚያነሣው የሚያለቅሰውን ዝም ለማሰኘት ነው፤ «እርስዋ ይህን ሁሉ ችላለች፥ አንተም ቻለው» ይላል። ይህ ድርሰቱን መገልበጥ ነው። ሰቆቃው የሚያስተምረው እመቤታችን ማልቀሷን ነውና።

በዚህ ላይ አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አባቶች ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ከልክለው የለምን? ሐዋርያውስ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አላለምን? እውነት ነው። ነገር ግን ሐዋርያው የከለከለው ተስፋ የሌለውን ኀዘን እንጂ ኀዘንን አይደለም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት አፋቸውን ከፍተው ምክንያቱን ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። አባቶች ልቅሶን ልክ አበጁለት፤ ልክ የሚበጀው ደግሞ ላለ ነገር ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አነጋገር ግን ልክ ሳይሆን መቃብር ነው፤ ሆድ የሚፈጀው እህልን እንጂ ኀዘንን አይደለም። በሆድ የቀረ ኀዘን ሌሊት በቅዠት፥ ቀን በቁጣ ወይም በፍዘት ይወጣል።

ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ብቻ ቢሆን መጻፉ ባላስፈለገም ነበር። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነት በጋይንት በኩል ዘልቆ ነፋስ መውጫን ያዘ፤ በደብረ ታቦር ከተማም ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኵሶ ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ ሌላ ውጊያ ተነሣ። በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ የዓለማየሁ እኩዮች የሆኑ፥ በአንድ ቀን ብዙ ያጡ ሕፃናት አሉ። ሲጠሯቸው የማይሰሙ፥ ያደፈጡ፥ ከሌሎች ልጆች ጋር የማይጫወቱ ቢኖሩ «ጨዋ ልጅ ነው፥ ምንም አላለም» ተብለው መመስገን የለባቸውም። ዝምታቸው ጨዋነት ላይሆን ይችላልና።

ለእንደዚህ ያለ ልጅም ሆነ ለአዋቂ የሚደረገው ነገር ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። አስቀድሞ እንዳይፈራ በታመነ ሰው እጅና በአንድ ቦታ ማኖር፤ ከለመደው ሰው ዳግመኛ አለመለየት። ቀልቡ በሸሸ ጊዜ በቁጣ አለመንቀፍ፤ ስሙን በቀስታ መጥራት፥ ያለበትን ቦታና ዕለቱን መንገር፥ እግሩን መሬት እንዲያስረግጥ፥ ውኃ እንዲነካ፥ በረጅሙ እንዲተነፍስ ማድረግ። የደረሰበትን በግድ አለማስለፍለፍ፥ ሊናገር በወደደ ጊዜም አለመከልከል። የሞቱበትን ሰዎች ስም ከፊቱ አለመደበቅ። እንቅልፍና ምግብ የተወው፥ ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ሲገኝ ደግሞ ወደ ሐኪም ማድረስ። ጸሎትና ጠበል ሐኪምን አይከለክሉም፤ ሐኪምም ጸሎትን አይከለክልም። ካህኑ የንስሐ ልጁን ቤት ሲጎበኝ ከምክሩ በፊት ጆሮውን ይዞ ቢገባ ከኢዮብ ወዳጆች የመጀመሪያውን ሰባት ቀን ተማረ ማለት ነው።

ልዑል ዓለማየሁ የሞተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ነው። ይህ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዘመነ ጽጌ የሚያበቃበት ዕለት ነው። ሊድስ ላይ ነፍሱ በወጣችበት ወቅት በአገሩ አብያተ ክርስቲያናት ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ስለ ሌላ ስደተኛ ሕፃን ያዜሙ ነበር። እርሱ አልሰማቸውም፥ እነርሱም አላወቁትም።

እንግዲህ በየዓመቱ ኅዳር 5 ቀን፥ በተለይ በደብረ ታቦር፥ የዚህ ልጅ ስም ከሙታን ስም ጋር ቢነሣ ማንም አይጎዳም። ከዚያ የሚበልጠው ግን በማግስቱ ነው። የቁስቋም ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ፥ በየደጃፉ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አንድ ልጅ አጠገብ ወርዶ መቀመጥ፥ ስሙንም መጠየቅ፥ እስኪመልስም ድረስ አለመነሣት። እንግዳ ተቀበልን ለማለት የሚያስደፍረው ያ ነው።